የቡናው አልጋ ሥር

ትናንት አመሻሽ ላይ አባቴ የሽቦ ወንፊት ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ቤት ሳይገባ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደ። የቆየውን የቡና አልጋ እግሮች አንድ በአንድ እየነቀነቀ ካያቸው በኋላ፣ "ላዩ የኔ ነው፤ ሥሩ ያንቺና የእህትሽ። የሰፈሩን ልጆችም ጥሯቸው" አለኝ። እዚያው ዘለልኩ። ታናሽ እህቴ ምሕረት ዕቃ ማጠቧን ትታ አረፋ በያዘ እጇ አንገቴን አቀፈችኝ። ይሄን የምጽፈው ደስታው ለብቻዬ ስለበዛብኝ ነው። ግን አንድ የሽቦ ወንፊት ምን እንደሚያስደስት እንዲገባችሁ፣ የማያስደስተውን ማስቀደም አለብኝ።

የቡና አልጋ የሚተኙበት አይደለም። ለቀማ ሲደርስ ቀዩ ቡና ተሰጥቶ የሚደርቅበት፣ እግሩ እንጨት፣ ላዩ ወንፊት የሆነ ረጅም ቆጥ ነው። ሚዛን ከተማ ዳር ያለው ቤታችን ጓሮ ውስጥ አንድ ነበረን። እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁ ዓመት ከምሕረት ጋር ሥሩን ቤት አደረግነው። ዙሪያውን በጆንያ ጋረድን፤ መሬቱ ላይ የኮባ ቅጠል አነጠፍን። ፀሐይዋ በወንፊቱ ቀዳዳ እየገባች ክንዳችንን እንደ ጅግራ ታዥጎረጉረዋለች። የሚደርቀው ቡና ደግሞ በጣም የበሰለ ሙዝ ይሸታል፤ ጣፈጥ፣ ኮምጠጥ ያለ።

እማዬ ቀኑን ሙሉ ቡናውን ታገላብጣለች። ከታች ሆነን የሚታየን እግሯ ብቻ ነው፤ የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር የተሰነጠቀ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጭቃ የደረቀበት። ከላይ ጣቶቿ ቡናውን ሲያምሱት ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል። አንዳንዴ እጇ በጆንያው መሀል ይገባና የተቀቀለ ጎደሬ አስቀምጦልን ይወጣል።

"እማዬ፣ አንቺም ግቢ" እንላታለን።

"ወገቤ እሺ ይበለኝ እንጂ እገባለሁ" ትለናለች። "እስከዚያው ቦታዬን ጠብቁልኝ።"

ምሕረት መሀሉን ለሷ ለየችው። እኔ እንኳ እግሬን ብዘረጋበት ትቆነጥጠኛለች።

አንድ ቀን ያ የጣቶቿ ዝናብ መሀል ላይ ቆመ። እማዬ ወገቧን ይዛ አልጋውን ተደገፈች፤ እግሮቿ ሲንቀጠቀጡ ከታች አየናቸው። በማግስቱ አባቴ እኛን ለጎረቤታችን ለእማማ ዘይነባ ሰጥቶ እማዬን ወደ ጅማ ይዟት ሄደ። እማማ ዘይነባ ባለ ሱቅ ናት፤ እሷም ከጅማ በኩል የመጣች። ምሕረት ትእዛዝ ስለምታበዛ "የኔ ሚኒስትር" ነበር የምትላት። አባቴ የደወለ ቀን ግን አልቀለደችም። ስልኩን ዘግታ ሻሿን አስተካከለችና፣

"እናታችሁ አልጋ ይዛለች፤ እንግዲህ ዱዓ ነው" አለችን።

ዛሬ አማርኛው ይገባኛል፤ ሐኪም ቤት ተኝታለች ማለቷ ነበር። ያኔ ግን ቤታችን የምንነጋገረው በቤንችኛ ነው፤ አማርኛ የሱቅና የትምህርት ቤት ነበር። የምንተኛው መደብ ላይ ስለሆነ የማውቀው አልጋ አንድ ብቻ ነው፤ የቡናው። "ይዣለሁ" የሚለውንም ክፍል ውስጥ ቦታ ስንሻማ ተምሬዋለሁ። ስለዚህ ለምሕረት በቋንቋችን ተረጎምኩላት፤ እማዬ የኛን አልጋ ይዛለች፣ ወገቧ እሺ ብሏታል፣ ልትገባ ነው።

ምሕረት ሥራ አዘዘችኝ። የጠወለገውን ቅጠል አውጥተን እርጥብ ኮባ አነጠፍን። ለወገቧ መደገፊያ ጆንያ ውስጥ ገለባ ጠቀጠቅን። ከእማማ ዘይነባ ሱቅ የተሰጠንን ብስኩት ሳንበላ መሀሉ ላይ አስቀመጥንላት፤ ጉንዳን ሲወርረው አራግፈን መልሰን አስቀመጥነው። ከዚያ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። መኪና በተሰማ ቁጥር ምሕረት ቀሚሷን ታስተካክላለች።

አንድ ከሰዓት ሰማዩ ሲጠቁር ብዙ እግር ወደ ጓሮ ገባ። ቡናውን ከዝናብ ሊሸፍኑ የመጡ መስሎኝ ነበር፤ ማንም ግን ቡናውን አልነካም። በጆንያው ሥር የአባቴን ጫማ አየሁ። የእማማ ዘይነባን ሸበጥ አየሁ። ምሕረት በሆዷ ተኝታ እግሩን ሁሉ አንድ በአንድ ስታይ ቆየችና፣ "የእማዬ የለም" አለችኝ።

አባቴ ተንበርክኮ ገባ። ያን ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ሳያውቅ መሀሉ ላይ ተቀመጠ።

ምሕረት እጅጌውን ጎተተችው። "ተነሥ አባዬ፤ እማዬ ይዛዋለች።"

አልገባውም። እኔም እማማ ዘይነባ ያለችንን በአማርኛው ደገምኩለት፤ አልጋ ይዛለች ብላናለች አልኩት። አባቴ መጀመሪያ ብስኩቱን አየ፣ ቀጥሎ ገለባውን። ከዚያ ቀስ ብሎ ከመሀሉ ተነሣና ጥግ ላይ፣ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠ። ጉልበቱን አቅፎ ሲያለቅስ ዝናቡ መጣ፤ በወንፊቱ እያለፈ የቡና ውሃ ራሳችን ላይ አንጠባጠበብን። ዝናብና የእማዬ ጣት እንደማይመሳሰሉ ያን ቀን አወቅሁ።

ከቀብሩ በኋላ አባቴ ጆንያዎቹን አወረደ። በየዓመቱ ቡናውን በእሸቱ ይሸጣል፤ አልጋው ላይ አንድም ፍሬ አስጥቶ አያውቅም። እኛም ወደዚያ አንሄድም ነበር። ወንፊቱ ዝጎ ተበጣጠሰ፣ ሐረግ ወጣበት፤ እግሮቹ ግን ቆሙ።

ዛሬ ጠዋት አባቴ አዲሱን ወንፊት መታበት። ምሕረት አሁን ከኔ ትረዝማለች፤ አንገቷን ሰብራ ሥሩ ገባችና እንደ ድሮዋ ማዘዝ ጀመረች። ጆንያ እኛ አለን፣ ኮባም አለ። ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ጎደሬ እንቀቅላለን። እናንተ ትልልቆቹም ጎንበስ ብላችሁ ትገባላችሁ እንጂ ደጅ ቆማችሁ ወገቤን ማለት አይፈቀድም። የፈለጋችሁት ጥግ ላይ ተቀመጡ። መሀሉ ብቻ ተይዟል።