የጋሽ ወልደገብርኤል ወፍ ማየት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። በዚያ ዓመት ነቀምቴ የሰማችው ጉድ የጋሽ ወልደገብርኤል ነው፤ ስድሳን ያለፉ ባለሱቅ ወፍ ማየት ጀመሩ። ማደን አላልኩም፤ ማየት።

ጋሽ ወልደገብርኤል የጉራጌ አገር ሰው ናቸው። በጎረምሳነታቸው ነቀምቴ ገብተው፣ የአርጆዋን ልጅ በቀለችን አግብተው፣ ጨርቅ ሲቸረችሩ ኖረዋል። እኔ በረንዳቸው ላይ ልብስ ስለምሰፋ የቤታቸውን ነገር እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ። ደርግ ከመጣ ወዲያ ሸቀጡ ሁሉ በቀበሌ ሱቅ ሆነና የሳቸው መደርደሪያ ባዶውን ቀረ። ነጋዴ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። አንዲት ፈረንጅ ነርስ ጓዟን ሸጣ አገሯ ልትገባ ነው ሲባል ሄደው ድስቱንም ብርድ ልብሱንም በጅምላ ገዙ፤ መልሰው ሊቸረችሩት። ከጓዙ መሐል የጦር ሜዳ መነጽር ወጣ። ድስቱ ወዲያው አለቀ፤ መነጽሩን ግን ማን ይግዛ? ያን ጊዜ እንኳን በመነጽር በዓይንም አተኩሮ ማየት ያስጠረጥር ነበር።

አንድ ቀን ሥራ ፈተው ሲቀመጡ መነጽሩን ወደ ጓሮው ዋንዛ አዞሩት። በቃ፣ ሰውዬው አለቁ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ለበቀለች ትተው ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ ይወርዳሉ። ከሁሉ የሚወዱት አንድ ትንሽ ወፍ ነበር፤ አንገቱና ጀርባው ፍም የመሰለ፣ ፊቱና ሆዱ የጠቆረ። ላባውን ነፍቶ ከረጅሙ ሣር በላይ እንዴት እንደሚዞር ሲያወሩልኝ ፊታቸው የሙሽራ ፊት ይሆናል። በዚህ ዕድሜዎ ብዬ አሾፍባቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ቀናሁባቸው፤ ያን ጊዜ ደስ ብሎት የሚያድር ሰው ብዙ አልነበረም።

ከወንዙ ማዶ የወታደር ካምፕ አለ። ሕፃን የሚያውቀውን እሳቸው በወፍ ፍቅር ረሱትና አብዮት ጥበቃዎች ከነመነጽራቸው ይዘው ቀበሌ አስገቧቸው። ሊቀመንበሩ ተረፋ ምን ሲያዩ እንደነበር ጠየቃቸው። ዝም አይነቅዝም፤ እሳቸው ግን ወፍ ነው አሉ። ይበሉት እንደሆነ ተጠየቁ፤ አልበላም። ይሸጡት እንደሆነ ተጠየቁ፤ አልሸጥም። ያስፈረደባቸው ይሄኛው ነው። ትርፍ የሌለው ነገር ላይ ሲደክም የሚውል ነጋዴ ማን አይቶ ያውቃል? ሰላይ ቢሆኑ ነው ተባለና ተቆለፈባቸው።

በቀለች ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሮጠች። ተረፋን በኦሮምኛ፣ ‹ኢልማ ኮ፣ ልጄ› እያለች፣ ባሏ የሚከታተሉት ቀበሌው ወንዙ ዳር ያዘራውን ማሽላ የሚጨርሰውን ወፍ መሆኑን፣ ከየት እንደሚነሣ ሊደርሱበት እንደሆነ ነገረችው። እሱም ልጅነቱን ማሳ ዳር ማማ ላይ ወፍ ሲጠብቅ ያሳለፈ ነው፤ አሁን ነገሩ ገባው። መነጽሩን እዚያው አስቀርቶ ለቀቃቸው። እንዲህ ለሰብል የሚቆረቆሩ ከሆነ ብሎም የማሽላው ጠባቂ አደረጋቸው። አይ በቀለች፣ ከእሳት አውጥታ ማማ ላይ ሰቀለቻቸው።

ወንጭፍ ተሰጣቸው። ያደጉበት አገር ምግቡ እንሰት ነው፤ እንሰት ደግሞ ወፍ አይደርስበትም፤ እጃቸው ወንጭፍ ይዞ አያውቅም። ማሽላው ላይ የሚሰፍረው ደግሞ ያ የሚወዱት ቀይ ወፍ ከነዘመዱ ነው። ካላባረሩት አሻጥረኛ ተብለው ይታሰራሉ፤ በአሻጥር የገባ ሁሉ ቤቱ አልተመለሰም። ስለዚህ ድንጋዩን ወፍ ወደሌለበት መወርወር ጀመሩ። ወፎቹም ለመዷቸው። የማሽላው ራስ እየተራቆተ ሄደ፤ ወሬውም ተረፋ ጆሮ ደረሰ።

የመጣ ዕለት እኔና በቀለች ምሳቸውን ይዘን እዚያው ነበርን። ተረፋ ከማማው ሥር ቆሞ ሽቅብ አያቸው።

«እስቲ ይወርውሩ፣ ኦቦ ወልዴ። እኔም ልይ።»

አንድ ቀይ ወፍ ቅርብ ካለው ማሽላ ላይ ተንጠልጥሎ ይለቅማል። ጋሽ ወልደገብርኤል ወንጭፉን አዞሩ። ፊታቸውን ወደ ግራ ሲመልሱ አየሁ፤ ሊስቱት ነው። ምን ያደርጋል፣ መምታት የማያውቅ መሳትም አያውቅም። ድንጋዩ ከወንጭፉ ቀድሞ አመለጠና ወፉን ጣለው።

ተረፋ አጨበጨበ። በሚቀጥለው ስብሰባ ስማቸውን በምሳሌነት እንደሚጠራ ነግሯቸው ሄደ። በቀለች ተመስገን አለች፤ እኔም ትንፋሼ ተመለሰ፤ ሰውዬው ድነዋል።

እሳቸው ከማማው ወርደው ወፉን አነሡት። መዳፋቸው ላይ አጋድመው ላባውን በጣታቸው አስተካከሉ፤ ክንፉን ዘርግተው ከሥሩ ያለውን አዩ። በቀለች ምሳው እየቀዘቀዘ መሆኑን ነገረቻቸው። ቀና አላሉም።

«በቀለች» አሉ፤ «እንዲህ ቀርቤ አይቼው አላውቅም ነበር።»