ጆሯቸውን የደፈኑት ለእኔ ብለው ነው

ኤርፎን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሞተር የሚነዳ ሰው ሳይ እስከ ዛሬ ዝም ብዬ አላልፍም። አንድ ቀን ጎንደር ማራኪ መታጠፊያው ላይ አንዱን ጎረምሳ አስቁሜ ልክ ልኩን ነገርኩት። "እትዬ፣ ምን አደረግኩ?" አለኝ፤ ዘፈኑን እንኳ አላጠፋም። እውነቱን ነው፣ እሱ ምንም አላደረገኝም። መንገድ ዳር ቆሜ እንዳላስረዳው ደግሞ ነገሩ ረጅም ነው።

እኔ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ። ያገባሁት ግን ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው የትክል ድንጋይ ከተማ ሰው ነው፤ ሁለታችንም እዚያው እናስተምራለን። የመጀመሪያ ልጃችንን ያረገዝኩ ጊዜ ባሌ ለሥራ መተማ ወርዶ ነበር። ምጤ ቀኑን ሳይጠብቅ መጣ። ጤና ጣቢያ ስሄድ አዋላጇ ሆዴን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ ፊቷ ተለወጠ። "በእግሩ ነው የመጣው። እዚህ አይሆንም፣ አሁኑኑ ጎንደር ሂጂ" አለችኝ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ያን ቀን ደግሞ መንገዱ ላይ መኪና የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው የባሌ ታላቅ ወንድም ሞተር ብቻ ነው።

"አያ" ነው የምላቸው። እርሻቸውን ያርሳሉ፣ በገበያ ቀን በሞተር ሰው ያመላልሳሉ፤ ቁጥብ ሰው ናቸው። እኔ በበኩሌ አፌ የማያርፍ ሴት ነኝ፤ ባሌ "አንቺ እኮ ከዝናብም ጋር ትጣያለሽ" ይለኛል። በአያ ፊት ግን ድምፄ ከፍ ብሎ አያውቅም። አከብራቸዋለሁ፤ እፈራቸዋለሁም።

አማቴ ከኋላቸው አስቀመጠችኝ። እንዳልነካቸው ጋቢ አጥፋ በመሀላችን አደረገች። ምጡ ሲመጣ እንዳልወድቅ ደግሞ በመቀነቷ ሁለታችንን አንድ ላይ አሰረችን። ነጠላዬን ከሆዴ ሥር አዙራ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችልኝ። ይኼኔ አያ ከኪሳቸው ኤርፎን አወጡ። ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይመልሱ፣ "በይ እንግዲህ፣ እኔ መዝሙር እሰማለሁ። አንቺ እንዳሻሽ ጩሂ፤ አልሰማሽም" አሉኝ።

በእነሱ ዘንድ ሴት ስታምጥ ወንድ ከቤት ይወጣል። የምጥ ጩኸት ለሚሰማውም ለምትጮኸውም ነውር ነው። ሞተር ላይ ግን ወዴት ይወጣል? አያ በጆሯቸው ወጡልኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ በልቤ። ከምጡ እኩል ያስጨነቀኝ እሳቸው እየሰሙ መጮሁ ነበርና እፎይ አልኩ።

ከትክል ድንጋይ እንደወጣን ለቀቅኩት። ደግሞ እንዴት ያለ ጩኸት! የአያ ጀርባ ንቅንቅ አላለም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍተውት ኖሮ የመዝሙሩ ከበሮ እኔ ድረስ ይሰማኛል። ምጡ ሲመጣ እጮሃለሁ፣ ሲመለስ ላቤን እጠርጋለሁ፤ ጥሩ እየሄድን ነው ብዬ ነበር።

አንዱ ዳገት ላይ አንድ ነገር ሆዴን ወደ ታች ሳበኝ። ምጥ መሰለኝ። እንደገና ሳበኝ፤ አሁን ግን ከውጭ መሆኑን ለየሁት። ጎንበስ ብዬ ሳይ የነጠላዬ ጫፍ ወርዶ የሞተሩ ሰንሰለት ይዞታል። ዳገት ስለሆነ ሞተሩ ያዘግማል፣ ጨርቁም አሮጌ ነው፤ ይተረተራል፣ ይበጠሳል፣ ደግሞ ይያዛል። በተያዘ ቁጥር ቋጠሮው ልጄ ላይ ይጠብቃል።

"አያ! ያቁሙ! ነጠላዬን ያዘው!"

ከበሮው ይደልቃል፤ እሳቸው ይነዳሉ።

"አያ፣ በማርያም! በማርያም ያቁሙ!"

ወይ ፍንክች! ጀርባቸውን በጡጫ መታሁ። ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። ምጡ የጠናብኝ መስሏቸው ነዳጁን ሰጡት። ጆሮው የተደፈነ ሰው እንደሚያደርገው ጮኽ ብለው፣ "አይዞሽ! ማርያም ትድረስልሽ! ደረስን!" አሉኝ። የት ነው የደረስነው? ስመታቸው ይፈጥናሉ፣ ሲፈጥኑ ነጠላው ይጠብቃል። እንዳልወርድ ከእሳቸው ጋር ታስሬያለሁ። ቋጠሮውን ልፍታ ብል ጣቴ አልገባ አለ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። የራሴ ሞት ትዝም አላለኝ። የታየኝ ልጄ እዚያ ቋጠሮ ሥር ሲታፈን፣ ከፊቴ ያሉት ደግ ሰው ደግሞ አድናለሁ ብለው ወደ ሞቱ ሲያጣድፉት ነው።

የባል ታላቅ ወንድም ራስ አይነካም። እኔ ነካሁ። በአንድ እጄ ነጠላውን ወደ ላይ እየጎተትኩ በሌላው አንገታቸው ሥር ያለውን ሽቦ ከነኮሌታቸው ጨምድጄ ነቀልኩት። አንቱታውም አብሮ ሄደ።

"ቁም! ቁም አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ! ልጄን ልትገድልብኝ ነው!"

ፍሬኑን ያዙት። ሞተሩ የዝናብ ጭቃ ላይ ተንሸራተተና መንገዱ ዳር ያለው አፈር ላይ ተደግፎ ቆመ። መቀነቱን ፈተው ወረዱ፤ ዞረው ነጠላውን ሲያዩት ፊታቸው አመድ ሆነ። ከኪሳቸው ሰንጢ አውጥተው ቋጠሮውን ቆረጡልኝ። ትንፋሼ መለስ አለ። ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ገና ስነካው የሚራገጥ የነበረው ልጅ ዝም ብሏል። ጫን አደረግኩ። አሁንም ዝም።

"ምነው? ምን ሆንሽ?" አሉኝ።

"አይንቀሳቀስም።"

ሰንጢውን ጭቃው ላይ ጣሉት። "እኔኮ እንዳታፍሪ ብዬ ነው" አሉ። እንደ ሕፃን ነው ያሉት። የማወርድባቸውን ስድብ ሁሉ ተውኩት። ምን ይባላል? ተንኮል ቢሆን ኖሮ አውቅበት ነበር።

"አውቃለሁ፣ አያ። አሁን ግን ይስሙኝ" አልኳቸው።

ኤርፎኑን ኪሳቸው ከተቱት። መቀነቱን ራሳቸው አሰሩ፤ ጋቢውን በመሀላችን ማድረግ ማንኛችንም ትዝ አላለንም። ከዚያ በኋላ ስጮህ "አለሁ" ይላሉ። ስጮህ፣ "አለሁ"። ዝም ስል ደግሞ ይብሳሉ፤ አንገታቸውን ዘወር አድርገው "ተንቀሳቀሰ?" ይሉኛል። እንዲህ ያለውን ነገር በዚያ አገር ወንድ ሚስቱን እንኳ አፍ አውጥቶ አይጠይቅም።

"አልተንቀሳቀሰም።"

የጎንደር መግቢያ አዘዞ ላይ የባጃጁ ግርግር ውስጥ ገባን። ጥሩምባውን ይዘው አልለቅም አሉ። "ወላድ ናት! ዞር በሉ፣ ወላድ ናት!" እያሉ ሲጮሁ እኚያ ቁጥብ ሰው ናቸው ብዬ ለማመን አቃተኝ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ይየኝ! እኔ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ነበር፤ እንዳነሳሁት ልጁ ለዘላለም የሚያመልጠኝ ይመስለኝ ነበር።

"ተንቀሳቀሰ?"

"አልተንቀሳቀሰም፣ አያ። አልተንቀሳቀሰም።"

ሆስፒታል እንደደረስን ልብሴን እየቀደዱ ነው ያስገቡኝ። ሐኪሙ ሆዴ ላይ መሣሪያውን አድርጎ ሲያዳምጥ ፊቱን አየሁት፤ ምንም ላነብበት አልቻልኩም። "በሕይወት አለ?" አልኩት። "ቶሎ ኦፕራሲዮን" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለነርሶቹ። መርፌው ገባ። ልጄ ይኑር ይሙት ሳላውቅ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከሁሉ የከፋው ፍርሃት ያ ነው፤ ዓይኔን ላለመክደን ታግያለሁ።

ስነቃ አንዲት ነርስ አጠገቤ ቆማለች። ገና አፌን ሳልከፍት "አለች፣ አለች፣ ሴት ናት" አለችኝ። እንዴት እንዳለቀስኩ አልናገርም። ከዚያ እየሳቀች፣ "ያ ውጭ ያለው ሰውዬ የማነው? ወንድ አይገባም ብንለው ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ አልነሳም አለ። ሕፃኗ ስትጮህ ማንም ሳይነግረው እልል አለ። እልል የሚል ወንድ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው" አለችኝ።

እኔ የልጄን የመጀመሪያ ድምፅ አልሰማሁም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሻል ሲለኝ አያ ሊጠይቁኝ መጡ፤ አንገታቸውን ደፍተው አልጋው ጫፍ ላይ ቆሙ። ከእሳቸው በቀር የምጠይቀው ሰው የለምና፣ "አያ፣ እንዴት አድርጋ ነው የጮኸችው?" አልኳቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ዓይኔን አዩኝ።

"እንዳንቺ" አሉኝ።