እሜቴና ሐምራዊ ጫጩቶቿ

ጅብ ከአስኮ ታክሲ ተሳፍሮ እስከ ዘነበወርቅ እንደሚሄድ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ቅንጣት አልጠራጠርም ነበር። ጅብ የሚቀመጠው የኋላ ወንበር ላይ ነው፤ ዶሮ ሁልጊዜ ጋቢና ናት፤ ረዳቱ ጦጣ ሲሆን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ አፉ አያርፍም። ይህን ሁሉ የነገሩኝ የእናቴ አጎት ጋሼ ተካ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሚኒባስ ሲነዱ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም መኪናዋን ሸጠው ኮልፌ እኛ ቤት ሲገቡ፣ የሚያውቁትን ተረት ሁሉ ታክሲ ላይ ጭነውት ነው የመጡት። የሳቸው አንበሳ እንኳ ፌርማታ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። እኔም ያኔ ጠዋት ከእናቴ ጋር ታክሲ ስንገባ፣ የኋላውን ወንበር ዞር ብዬ ሳላይ አልቀመጥም ነበር።

ጋሼ መኪናዋን ሲሸጡ አንዱን ወንበር ግን አልሰጡም። «ይሄ ከኔ ጋር ነው ያረጀው፤ የትም አይሄድም» ብለው ይዘውት መጡና፣ ጓሯችን ውስጥ ከእንሰቱ አጠገብ ካለችው የቆርቆሮ ጥላ ሥር አኖሩት። ሲመሻሽ እሳቸው ወንበሩ ላይ፣ እኔ ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ እንቀመጣለን፤ መሃላችን የከሰል ምድጃ አለ። ፍሙ የጋሼን ፊት ከሥር ሲያበራው አፍንጫቸው ከቀን ይልቅ ይተልቃል፤ ጅቡ ሲናገር ድምፃቸውን ያጎረንናሉ፣ ጦጣው ሲናገር ያቀጥኑታል፤ ጢሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ እንባዬ እየወረደ እንኳ ቦታ አልቀይርም፣ ምክንያቱም ከተነሣሁ «ተሳፋሪ መንገድ ላይ አይነሣም!» ብለው ተረቱን ያቆሙብኛል።

ከሁሉም የምወደው ጅቡ ጋቢና ካልተቀመጥኩ ብሎ የተጣላ ዕለት የሆነውን ነበር። ጅቡ «እኔ ወፍራም ነኝ፣ ከኋላ እታፈናለሁ» ሲል፣ ዶሮዋ ብድግ ብላ የታቀፈችውን እንቁላል ታሳየዋለች፤ ተሳፋሪው ሁሉ «አራስ ልታስነሣ ነው? አታፍርም?» ብሎ ይጮኽበታል፤ ጅቡም አፍሮ «ወራጅ አለ» ብሎ መንገድ ላይ ይወርዳል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳስደገምኳቸው አላውቅም። ጅቡ የሚወርድበት ፌርማታ ግን በየጊዜው ይለያያል። «ትናንት እኮ ጦር ኃይሎች ነው የወረደው» ስላቸው፣ «ዛሬ መንገዱ ተዘግቶ ነዋ!» ይሉኛል።

እሜቴ የመጣችው በክረምት መግቢያ ላይ ነው። አስኮ ያሉ አንድ የድሮ ደንበኛቸው ለጋሼ ድንክ ዶሮ ሰጧቸውና በካርቶን ይዘዋት መጡ። ከእርግብ ብዙም አትበልጥም፤ እግሯ ላይ እስከ ጣቷ የወረደ ላባ ስላላት ሱሪ የታጠቀች ትመስላለች። እናቴ ካርቶኑን ከፍታ አየቻትና፣ «ጋሼ፣ ይቺ ዶሮ ናት ወይስ ናሙና?» አለች።

«እሜቴ በያት! አክብረሽ ጥሪያት!» አሉ ጋሼ ተቆጥተው። ስሟ እሜቴ ሆኖ የቀረው በዚያው ነው።

ነገሩን ያከረሩት ግን ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ናቸው። እሳቸው ከአጥሩ ወዲያ የፈረንጅ ዶሮ ያረባሉ፤ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በአምፖል ሙቀት ነው። እሜቴ ከታክሲው ወንበር ሥር ገብታ እንቁላል መታቀፏን ሲሰሙ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ጋሼ ተካ፣ ይቺ እኮ እንቁላሉን ልታቅፍ አይደለም፤ እንቁላሉ ነው እሷን የሚያቅፋት!» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ።

የጋሼ ፊት ጠቆረ። «ስሚ ብዙነሽ፣ የፈለፈለቻቸውን አንድ ሳታጎድል ካላሳደገች፣ እኔ ተካ ሁለተኛ ስለ ዶሮ አፌን አልከፍትም!»

ለሌላው ሰው ይሄ የሽማግሌ እልህ ነው። እኔ ግን ክው አልኩ። ጋሼ ያሉትን የማያጥፉ ሰው ናቸው፤ ዶሮ የሌለችበት ተረት ደግሞ የላቸውም። አንዲት ጫጩት ሞተች ማለት ጋቢናው ባዶ ቀረ ማለት ነው፤ ጋቢናው ባዶ ከሆነ ደግሞ ታክሲውም አይነሣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሣ ፊቴን ሳልታጠብ የምሮጠው ወደ ጓሮ ሆነ።

ነጎድጓድ እንቁላል ያበላሻል ስለሚባል፣ ሰዉ ከታቀፈው እንቁላል መሃል ሚስማር ወይም ከሰል ያስቀምጣል። ጋሼ ሚስማሩን ንቀው ያረጀ የመኪና ካንዴላ ነው ያስቀመጡት። «ይሄ ዕድሜ ልኩን እሳት ሲተፋ የኖረ ነው፤ መብረቅ አይደንቀውም» አሉ። ሆነም ቀረም፣ ሰማዩ ሲያጓራ ከርሞ እሜቴ አምስት ቢጫ ጫጩት ፈለፈለች፤ አንዳቸውም ከሎሚ አይበልጥም። ጋሼ ካንዴላውን ጠርገው ኪሳቸው ከተቱት፤ እትዬ ብዙነሽን ባገኙ ቁጥር እያወጡ ያገላብጡታል።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጭልፊት ከጎረቤት ባሕር ዛፍ ተነሥታ ወደ ጓሯችን ተወረወረች፤ እሜቴ ጮኻ ጫጩቶቿን እንሰቱ ሥር ባትሰበስብ ኖሮ አንዷ አልቆላት ነበር። ጋሼ ከዘራቸውን ቢወረውሩ ጭልፊቷን ስተው የእናቴን የልብስ ማጠቢያ ባልዲ ሰነጠቁት። ከዚያ ቁጭ ብለው ሲያስቡ ቆዩና «ቀለም!» አሉ። አገር ቤት ሳሉ ጫጩት ቀለም ሲቀባ አይተዋል፤ ጭልፊት ቢጫ ጫጩት ታውቃለች፣ ሐምራዊ ነገር ግን ምግብ አይመስላትም። ወጡና ከመድኃኒት ቤት ጂቪ ገዝተው መጡ፤ ያ ቁስል የሚቀባው ሐምራዊ መድኃኒት ነው።

ጀርባቸውን ነካ ነካ ማድረግ ይበቃ ነበር። ጋሼ ግን የግማሽ ሥራ ሰው አይደሉም። «መኪና በከፊል አይቀባም» አሉና ከአናት እስከ ጥፍር ቀቧቸው፤ ሲደርቅ ደግሞ ደገሟቸው። እኔ እየያዝኩ አቀብላለሁ። ሲጨርሱ የሳቸውም አሥሩም ጣት ሐምራዊ ሆኗል። እትዬ ብዙነሽ በአጥሩ ላይ አይተው፣ «ውይ ጋሼ! በዘንድሮው ምርጫ ስንት ጣቢያ ነው ድምፅ የሰጡት?» አሏቸው።

ጋሼ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን እንደከፈቱ ከኋላቸው ጩኸት ተሰማ። ጫጩቶቹ ወደ እናታቸው ሲሮጡ እሜቴ ላባዋን ነፍታ ቆማለች። የመጀመሪያዋን አናቷን ነቆረቻት። ሁለተኛዋን በክንፏ መትታ ጣለቻት። ከዚያ ጓሮውን እየዞረች «ኩክ፣ ኩክ» እያለች ልጆቿን መጣራት ጀመረች። እነሱ ተጠራን ብለው ይሮጣሉ፤ እሷ ነቁራ ታባርራቸውና ደግሞ መጣራቷን ትቀጥላለች። መጀመሪያ ሳቅሁ። የአንዷ አናት ላይ ደም ሳይ ግን ማልቀስ ጀመርኩ።

ጋሼ በሳሙና አሿቸው። ጂቪ የሚለቅ ነገር ነው እንዴ! ቀለሙ እንዳለ ሆኖ ጫጩቶቹ ብቻ በውሃ ራሱ። ዝናቡም መጣ። ሲመሻሽ አምስቱም ካርቶን ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ተጠጋግተው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ እሳቱ አንድ ጎናቸውን ሲያሞቅ ሌላው ጎናቸው ይበርደዋል። እናቴ ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ ካርቶኑን፣ ቀጥሎ የጋሼን ጣቶች አየች። «ጋሼ፣ እኔ ምን ልበል?» ብላ ወደ ቤት ገባች። እሜቴ ከወንበሩ ሥር ብቻዋን ተኝታለች።

እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን ተከናንበው በጓሮ በር መጡ። በዚህ ሰዓት ማሾፍ የለም። «ይስጡኝ ጋሼ፣ ከኔ አምፖል ሥር ላሳድራቸው። በዚህ ብርድ አያድሩም፣ ይሞታሉ» አሏቸው። ጋሼ ካርቶኑን ቀስ ብለው አነሡት። እምቢ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ውሰጃቸው» አሉ፣ በማይሰማ ድምፅ። ጋሼ ለእትዬ ብዙነሽ እጅ ሲሰጡ አይቼ ስለማላውቅ፣ ከድንጋጤ የተነሣ ለቅሶዬን አቆምኩ።

ካርቶኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ እንደ ልማዱ «ኤጭ!» አለ።

«ወይኔ አምፖሌ!» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

ጋሼ ዞር ብለው የጨለመውን ሰፈር አዩ። ከዚያ ካርቶኑን መልሰው ተቀበሉና፣ ጎንበስ ብለው ፍሙን በአመድ ሸፈን አደረጉት፤ ጓሮው ድቅድቅ አለ። «ዶሮ በጨለማ አታይም» አሉ ለራሳቸው። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ሚጣ፣ ነይ ተሳፈሪ» አሉኝ።

«አስኮ ላይ ታክሲው ቆመ» ብለው ጀመሩ። «ዶሮ ጋቢና ተቀምጣለች። ልጆቿ ጠፍተውባት ከማንም አታወራም። ጦጣው በሩን ከፈተና፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው አለ! አለ።» ይህን ሲሉ እጃቸው ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ አንዲት ጫጩት ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ወደ ወንበሩ ሥር ወረደ። እሜቴ አጉረመረመች። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ፤ ይህን ድምፅ እንቁላል ላይ ሳለች ጀምሮ በየምሽቱ ስትሰማው የከረመች ናትና ዝም አለች። ሁለተኛዋም እንዲሁ ተሳፈረች። ከዚያ ጋሼ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ሲሉ ከወንበሩ ሥር ኮሽ አለ፣ እሜቴ ተነሣች፣ አንዷ ጫጩት ጮኸች። ጋሼ ደንግጠው «ኮልፌ ደረሱ!» ብለው ቀጠሉ፤ እሜቴ መልሳ ተኛች። ያኔ ነው የገባኝ፤ ጋሼ ዝም ካሉ ጉድ ይፈላል።

ስለዚህ ታክሲው መሄድ እንጂ መድረስ አልቻለም። ዘነበወርቅ ላይ ጎማው ፈነዳ፤ ጎማው ሊቀየር ሲል ክሪኩ ጠፋ፤ ክሪኩን ጅቡ በልቶት ተገኘ፤ ሦስተኛዋ ገባች። ዝሆን ትራፊክ ፖሊስ ሆኖ መጣና መንጃ ፈቃድ ጠየቀ፤ አራተኛዋ ገባች። ጋሼ የሚሉት ሲያልቅባቸው የመኪና ዕቃ መጥራት ጀመሩ፤ ካርቡሬተር፣ ፍሪሲዮን፣ ራዲያተር፣ ሁሉንም በጅቡ ድምፅ። እትዬ ብዙነሽ ሳቃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አፈኑት። እኔም ጋሼን ላግዝ ብዬ በቀጭን ድምፅ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እላለሁ።

አምስተኛዋ ግን ቀዝቅዛ ነበር። ጋሼ በመዳፋቸው ውስጥ ይዘው ፍሙ ላይ አንዣበቧት፤ አፋቸው ግን አላረፈም፤ ድምፃቸው ሻክሮ «አንድ ሰው የጎደለ… አንድ ሰው የጎደለ…» እያሉ ይደጋግማሉ። እትዬ ብዙነሽ መሳቁን ትተው ጠጋ አሉ። ብዙ ከቆየ በኋላ ጋሼ «ጫረችኝ!» አሉ፤ በእግሯ መዳፋቸውን ጭራቸው ነው። እጃቸው ወደ ወንበሩ ሥር ወረደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም፤ በርጩማው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ወደ ጓሮ ስሮጥ ጋሼ ቀድመውኝ ቆመዋል። እሜቴ ከወንበሩ ሥር ወጣች። ከኋላዋ አንዲት ሐምራዊ ራስ ብቅ አለች። እሜቴ ዞር ብላ መጀመሪያ በአንዱ ዓይኗ፣ ቀጥሎ በሌላው አየቻት። ጋሼ ትከሻዬን ጨብጠው ያዙኝ። እሜቴ መሬቱን ጫር ጫር አደረገችና «ኩክ፣ ኩክ» ብላ ጠራቻት። አምስቱም ተከታትለው ወጡ።

በዚያው ሳምንት ጭልፊቷ ተመለሰች። ሐምራዊ አላለች፣ ቢጫ አላለች፣ ቀጥ ብላ ወረደችባቸው። ያቺ ናሙና የተባለች ዶሮ ከመሬት ተነሥታ አየር ላይ ገጠመቻት፤ ላባ በላባ ሆኑ፤ ጭልፊቷ ጥላ በረረች። እሜቴ አንድ ክንፏ ተንጠልጥሎ ሐምራዊ ልጆቿን ከሥሯ ሰበሰበች። ጋሼ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው፣ «አየሽ ብዙነሽ! ቀለሙን ፈርታ ነው!» ሊሉ ሞከሩ፤ ድምፃቸው ገና ስላልተመለሰ የወጣው ሲጥሲጥታ ብቻ ነበር። እትዬ ብዙነሽ ሁሉንም ከወዲያ ሆነው አይተዋል። «ልክ ነዎት ጋሼ» አሏቸው፤ «ቀለሙ ነው።»

አምስቱም አደጉ። እኔን ግን አንድ ነገር ከንክኖኝ ነበርና፣ «ጋሼ፣ ያን ዕለት ታክሲው በመጨረሻ የት ደረሰ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ምን አውቄ! አንቺም ተኛሽ፣ እሜቴም ተኛች፣ ብዙነሽም ቤቷ ገባች። እኔ መብራት እስኪመጣ ስነዳ ነበር።»

«ማን እየሰማዎት?»

«ማንም። ዝም ስል ብትነቃስ?»

ያኔ ተረት የሚነግር ሰው ሁሉ መጨረሻውን አውቆ የሚጀምር ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጨረሻቸው ያማረ ብዙ ተረቶች ሰምቻለሁ፤ አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። ከጋሼ ተረቶች ሁሉ አብሮኝ የቀረው ግን ተኝቼ ያልሰማሁት ነው። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ እየወረደ፣ አንድ ሽማግሌ በጨለማ ተቀምጠው፣ ለተኙ ዶሮዎች በሻከረ ድምፅ የመኪና ዕቃ ይጠራሉ፤ ማቆም ፈርተዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስቃለሁ፤ ስቄ ሳልጨርስ ደግሞ ሆዴ ይባባል።