አፈር የተፈረደበት ገንዳ

«በዚህ ሳምንት ካልጸዳ አፈር አስሞላዋለሁ፤ ለስብሰባ ለሚመጡት መኪና ማቆሚያ ይሁን» አሉኝ ጋሼ። አዳማ ውስጥ ዋና የማስተምርበት ሆቴል ባለቤት ናቸው። ደሜ ፈላ። ጠዋት ጠዋት ለሴቶች ብቻ የሚለቀቅልኝ ሌላ ገንዳ የለም፤ ይሄ ከተደፈነ እንጀራዬም አብሮ ተደፈነ ማለት ነው።

ነገሩ የመጣው የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ገንዳውን ከጉድጓድ ስለሞላነው ነው። የጉድጓዱ ውሃ ብረት ነበረበት፤ ክሎሪን ሲነካው ዛገና ደረጃውንም ወለሉንም ቡናማ አደረገው። ተማሪዎቼም ቆሻሻ መስሏቸው መምጣት ተዉ።

ጋሼ ደግሞ ይባስ ብለው በረኪና በጀሪካን ገለበጡበት። «በረኪና የማያነጣው ነገር አለ እንዴ?» ብለው። አለ እንጂ፣ ዝገት ነዋ! ልጅ ሳለሁ የልብስ ማስጫው ሽቦ ያዛገውን ሸሚዜን በረኪና አባሰው እንጂ አላስለቀቀውም፤ ያስለቀቀችው እናቴ ናት፣ በሎሚ አሽታ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በረኪና የነካው ዝገትም እንደዚያው ነው።

ግን ገንዳ ሙሉ ሎሚ ከየት ይመጣል? ከፋርማሲ የቫይታሚን ሲ ኪኒን ገዛሁና ጠልቄ ደረጃው ላይ ተጭኜ ያዝኩት። ሳነሳው ኪኒኗን የምታህል ነጭ ክብ ወጣች። እዚያው ውሃ ውስጥ እልል ልል ስል ውሃ ጠጣሁ።

«ክሎሪን የሚባል ነገር እንዳያስጠጉብኝ!» ብዬ ጋሼን አስማልኳቸው። ፀሐዩ የነበረውን ክሎሪን እስኪጨርሰው ጠበቅኩ። ከዚያ ያንኑ ቫይታሚን በዱቄት ከኬሚካል ሻጭ አምጥቼ ዙሪያውን በተንኩት፤ የለቀቀው ብረት ተመልሶ እንዳይጣበቅ የሚይዘውን መድኃኒትም ጨመርኩ።

«ኧረ ተይው ልጄ፣ እኛ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ከውሃ ተጣልተን አሸንፈን አናውቅም» ይሉኛል ጋሼ፣ እንደ ልማዳቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው። እሳቸው የወንጂ ልጅ ናቸው፣ እኔ ደግሞ የዓለም ጤና ከተማ። ፍሎራይድ የበዛበት የልጅነታችን ውሃ የሁለታችንንም ጥርስ አበልዞታል፤ ያ በሎሚም በምንም አይለቅም። በጥርሴ ሲሳቅብኝ ነው ያደግኩት። እልህ ያዘኝ፤ ለዚህኛውስ ውሃ አልሸነፍም አልኩ።

በማግስቱ ወለሉ ነጭ ሆኖ እስከ ታች ይታያል። ጋሼ ጠርዙ ላይ አጎንብሰው አዩ፣ ደግመው አዩ። ስልካቸውን አውጥተው ለአፈር ጫኙ «ቀርቷል!» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና በኦሮምኛ «ጋሪዳ! ጥሩ ነው ልጄ!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ሁለቱም እጆቻቸው ወገባቸው ላይ ነበሩ።