ለደብረ ሲናዋ ቅጠል ያቆምኩት ባላ

ባለቤቴ ከደብረ ሲና ወደ እኛ ቆላ በሙሽርነት ስትወርድ፣ በቅሎ ላይ ሆና አቅፋ የመጣችው አንድ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ነበር። ሚዜዎቼ ሊቀበሏት እጃቸውን ቢዘረጉ አልሰጥም አለች። ቅርንጫፉ ላይ ጠባብና ረዣዥም ቅጠሎች በቅለዋል፤ ሥሮቻቸው እንጨቱን ጨብጠው ይዘዋል። አባቷ ደጅ ካለው ወይራ ላይ ያወረደችው ነው። እዚያ ደጋ ጉም ስለሚበዛባቸው ዛፉ የሌላ ቅጠል ይሸከማል። እኛ ሸዋ ሮቢት የምናውቀው ግን የራሱን ቅጠል መሸከም የሚያቅተውን ዛፍ ነው።

ጊዜው የጣሊያን ነበር። ጣሊያን ሰው ሲሰበሰብ ስለማይወድ በሠርጋችን ከበሮ እንኳ አልተመታም፤ ጠጁን ግን በዝምታም ቢሆን ጨረስነው። እንግዳው ሲበተን ሙሽራዬ ቅርንጫፏን ደጃፍ ላይ አስደግፋ፣ "ይቺ እዚህ ከኖረች እኔም እኖራለሁ" አለችኝ።

"ካልኖረችስ?"

"ለመልስ አባቴ ቤት ስሄድ እዚያው እቀራለኋ።"

እናቴ ፊት አንቱ ትለኛለች፤ ብቻችንን ስንሆን ግን አንተ ነበርኩ። ያን ዕለት እየሳቀች ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። በቤተሰብ ውል፣ መልኳን እንኳ ሳላይ ያገባኋት ልጅ ናት። ሳምንት ሳይሞላ ወድጃት ቁጭ አልኩ።

ገበሬ ሆኜ አንዲት ቅጠል ማኖር ያቅተኛል ወይ ብዬ ጓሮ ቆፈርኩ። ቅርንጫፉን ቀብሬ ጥሩ የቆየ ፍግ ደለደልኩለት። ሙሽራዬ ከወንዝ እንስራዋን አዝላ ስትመለስ አየችና፣ "ምነው፣ ሳትሞት ቀበርካት?" አለችኝ። ስናወጣት ግማሹ ሥሯ ጠቁሯል። አፈር የማይወድ ተክል ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ስለዚህ ማደሪያ ልሠራላት ተነሳሁ። መጀመሪያ ደረቅ የግራር ግንድ አቁሜ በቃጫ አሰርኳት። ቆላ ላይ ደረቅ እንጨት አቁሞ መተኛት ምስጥን ድግስ መጥራት ነው፤ ይህን እያወቅሁ ማድረጌ እስካሁን ያናድደኛል። አንድ ጠዋት ስወጣ ግንዱ ከሥሩ ተበልቶ ተጋድሟል፤ የጎረቤታችን ፍየል ደግሞ ከላይ ትቀምሳለች። ፍየሏን ከነዘር ማንዘሯ እየሰደብኩ ሳባርር ባለቤቷ ደረሱ። የጨው ነጋዴ፣ ሽማግሌ እስላም ናቸው።

"ልጄ፣ ፍየሏ ምን አደረገች? ጥፋቱ የደረቅ እንጨት ነው" አሉኝ። "እርጥብ ሾላ ትከል። ሾላ ቆርጠው ቢተክሉት መልሶ ይይዛል። ሕያው እንጨት ደግሞ ምስጥ አይደፍረውም፣ ኢንሻአላህ።"

ምክራቸውን ሰማሁ። ከሮቢ ወንዝ ዳር እርጥብ የሾላ ባላ ቆርጬ ደጃፋችን ላይ፣ የቤቱ ጥላ በሚያርፍበት በኩል ተከልኩ። በባላው መንታ መካከል የዛፍ ቅርፊት እንደ አንቀልባ አጥፌ አሰርኩ፤ ውስጡን በበሰበሰ እንጨት ፍርፋሪ ሞልቼ ቅጠሏን ከነቅርንጫፏ አስተኛኋት። ከበላይዋ ጣሊያኖች በልተው የጣሉትን ጣሳ በሚስማር በስቼ ሰቀልኩ፤ ጠዋት ከሞሉት እስኪመሽ ጠብ ጠብ ይልላታል። ከጣሊያን ያተረፍነው ደግ ነገር ቢኖር ያ ጣሳ ነው።

እናቴ ቀና ብላ አየችና፣ "ላም አለኝ በሰማይ" አለች። "ሁለተኛዪቱ ሙሽራ" የሚል ስምም አወጣችላት። የኔዋ ሙሽራ ግን ጣሳውን በጣቷ ነካ አድርጋ ገባች። ያን ዕለት የሠራችው ወጥ ጨው በዛበት፤ እኔን እያየች ስትጨምር ነው። ጨርሼ በላሁት።

መንገዱ በውጊያ ተዘግቶ ስለነበር መልሳችን ከፋሲካ በኋላ ሆነ። አብረን ወጣን፤ ከድግሱ በኋላ እንደ ወጉ እሷን እናቷ ዘንድ ትቼ ወረድኩ። ትንሽ ሰንብቼ ሄጄ ላመጣት ነው። ከመሄዴ በፊት ግን ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ከየመንደሩ ሰው ሲለቅም እኔንም ለቀመኝ። ወደ ካራቆሬ ወስዶ ድንጋይ ሲያስፈልጠኝ ከረመ።

ሲለቁኝ ሰኔ ገብቷል፤ ዝናቡ ግን አልገባም። ቤት ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ባላውን ነው። ሾላው ይዞ አቆጥቁጧል። ቅጠሏ ግን ደርቃለች፤ እንደ ትምባሆ ቡናማ ሆና ተጠቅልላለች።

"ወንዙ ቀጥኖ ለሰውም ውሃ ጠፍቶ ነበር፣ ልጄ" አለችኝ እናቴ። "አውርደህ እሳት አንድድባት።"

እናቴን ምን ብዬ ልቆጣት? ቅጠሏን ማውረድም አልሆነልኝም። ለሞተ ውሃ አይቀዳም ብዬ ጣሳውን ባዶውን ተውኩት፤ እሷን ግን አንቀልባዋ ውስጥ እንደተኛች ተውኳት። ደብረ ሲና መውጣት ነበረብኝ፣ አልወጣሁም። ሙሽራዬ "ይቺስ እንዴት ናት?" ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? እቀራለሁ ብትለኝስ? ጎረቤታችን ባገኙኝ ቁጥር "ሙሽራህስ?" ይሉኛል፤ እኔም "ነገ" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ፍርሃት እግሬን አስሮኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወንድሟን አስከትላ ራሷ መጣች። ሙሽራ ባሏ ሳይሄድባት ስትመለስ በአገራችን አልታየም። እናቴ እልል ትበል ትፈር ግራ ገብቷት ደጃፍ ላይ ቆመች። ሙሽራዬም እናቴን ስማ ወደ እኔ ዞረችና፣ "እንደምን ሰነበቱ?" አለችኝ። "አግብቶ መርሳት የቆላ ወግ ነው?"

ድምጿ የቁጣ ነው። ወደ ባላው አመለከትኩ።

"ደረቀች" አልኩ። "ልትቀሪብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።"

ቅጠሏን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ባላውን ተደግፋ ሳቅ ጀመረች፤ ወንድሟም ተከተላት። "ለዚህ ነው የቀሩት? ይቺ እኮ በየበጋው እንዲህ ናት" አለች። "ውሃ ስታጣ ተጠቅልላ ትተኛለች እንጂ አትሞትም።" ይህን ብላ ከእንስራው ቀድታ ጣሳውን ሞላች።

በማግሥቱ ቅጠሏ መፈታታት ጀመረች፤ ውላ አድራም አረንጓዴ ሆነች። እናቴ አማተበች። እኔ ግን ብቻችንን ስንሆን፣ "ታዲያ ይህን ሳትነግሪኝ ለምን ሄድሽ?" ብዬ ተኮሳተርኩባት።

"ብነግርህ ኖሮ አንቀልባ ትሠራላት ነበር?" አለችኝ። "አሁን ግን ልንገርህ። እኔም ሙቀቱ ሲጠናብኝ እንደሷ ነኝ። ተጠቅልዬ ብታየኝ፣ ሞታለች ብለህ እንዳትጥለኝ።"

ያለችው አልቀረም። ጣሊያን ሄደ፣ ጣሳውም ዝጎ አለቀ፤ ባላው ግን ደጃፋችንን በሙሉ የሚያጠላ ሾላ ሆነ፣ ቅጠሏም ከነልጆቿ ላዩ ላይ ናት። ባለቤቴ ዛሬም ግንቦት ሲጠና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፤ ቢጠሯት አትመልስም። እኔ ቀዝቃዛ ውሃ በቅል አጠገቧ አስቀምጥና ሾላው ሥር ወጥቼ እጠብቃታለሁ።