በወንድ እጅ የበሰለ እሸት

መስቀል አልፎ ባቄላው እሸት ሲይዝ አገሩ ሁሉ ደስ ይለዋል። ልጅ አዋቂው ማሳ ገብቶ ይፈለፍላል፣ እሳት ዳር ይጠብሳል፣ ይሳሳቃል። እኔን ደስ አይለኝም። ድሮ ይለኝ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ፣ ገና ጎልማሳ ሳለሁ፣ በአንድ ድስት የባቄላ ወጥ ምክንያት ሚስቴን ከቤቴ ወሰዷት። ይህን ለሰው ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ስለዚህ መናገሩን ተውኩት። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነውና አጻጻፌ ላያምር ይችላል። ቢሆንም እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ቤቴ ታች ጋይንት ነው፣ ከአርብ ገበያ ብዙም አይርቅም። እሷ የእስቴ ልጅ ነበረች፣ ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ። በስማዳ ዞሮ ለሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ማደር ግድ ነው። እናቴ እኔ ሳላገባ ሞታለች፤ እህት የለኝም። እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ሴት ብትባል እሷ ብቻ ነበረች።

ሐምሌ ላይ ፅንሱ ወረደባት። ከዚያ ወዲያ ከመደቡ አልተነሳችም። ማታ ማታ ትኩሳቱ ይነሳባታል፣ ጧት ላብ አጥምቋት ትገኛለች። አንዱ ምች ነው አለ፣ ሌላው ቡዳ ነው አለ። ጠበል አጠጣናት፣ ቅጠል አሸተትናት። መንደሩ መጀመሪያ ደግ ነበር። አንዷ አጥሚት፣ አንዷ ገንፎ እየያዘች ትመጣ ነበር። አረም ሲደርስ ግን ሁሉም ወደ ማሳው ሄደ። አልፈርድባቸውም እንዳልል እፈርድባቸዋለሁ። የራሳቸው ሚስት ብትሆን አረሙ ይቆይ ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ እህል አስጠላት። የነፍስ አባቷ የረቡዕና የዓርብ ጾሙን ፈትተውላት ወተት ጠጪ ቢሏት ወተቱን መልሳ አወጣችው። እንዲህ እያለች ሳለ ከገበያ ገበያ የሚዞር አንድ ጨው ነጋዴ ከታላቅ ወንድሟ መልእክት አመጣልኝ። «መስቀል ይለፍና እመጣለሁ። እህል እየቀመሰች ካገኘኋት ትቆይ። ካልሆነ እናቷ ዘንድ ወስጄ አስታምማታለሁ» ይላል። ነገሩ ያገራችን ወግ ነው። የታመመች ሚስት የሚያገላብጣት ሴት ከሌለ ወገኖቿ መጥተው ይወስዷታል። ማንም ይህን ክፉ አይለውም።

እሷ ግን መሄድ አልፈለገችም።

«በቃሬዛ ከወጣሁ አልመለስም» አለችኝ። «ብድንም እዚሁ፣ ብሞትም እዚሁ። አንተ ቤት። አደራ፣ አትስጠኝ።»

አልሰጥሽም አልኳት። በምን አቅሜ እንደምከለክል ግን አላውቅም ነበር። ካልበላች ይወስዷታል። እሷ ደግሞ አትበላም።

ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ባቄላው እሸት ያዘ። የመጀመሪያውን እቅፍ ለቤተ ክርስቲያን አድርሼ፣ የተረፈውን ጠብሼ ላቀርብላት አሰብኩ። እሸቱን እጄ ላይ ስታይ ቀና አለች።

«ጥብስ አልፈልግም» አለች። «የእናቴ ዓይነት ቢሆን እበላ ነበር።»

«የእናትሽ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?»

«ከነልጣጩ የሚሠራው ነዋ!»

እኛ ጋ ልጣጩ የከብት ነው። ፍሬውን ፈልፍለን ወስደን ልጣጩን ለበሬ እንጥላለን። የእሷ እናት ግን ለጋውን ከነልጣጩ፣ በሽንኩርትና በኑግ፣ ከእንጀራ ጋር የሚበላ ወጥ ታደርገዋለች። ልጅ ሆና የጽጌን ጾም ስትጾም ያን በልታ ነው ያደገችው።

«ማን ይሠራዋል?» አልኳት።

«አንተ።»

«እኔ?»

«እጅ የለህም?»

ይህን ዛሬ የሚያነብ ሰው ምን ነውር አለበት ይል ይሆናል። ነጋዴ መንገድ ላይ ቢያበስል፣ ወታደር ሰፈር ውስጥ ንፍሮ ቢቀቅል ማንም ምንም አይለውም። በገዛ ቤቱ፣ ሚስቱ ተኝታ እያየችው፣ ጉልቻ ሥር ተንበርክኮ ወጥ የሚያማስል ወንድ ግን በኛ አገር ወንድ አይባልም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ድስት ነክቼ አላውቅም። ነካሁ።

እሷ ከመደቡ ላይ ሆና ታዘኛለች።

«ለጋውን ምረጥ። ስትሰብረው ቀጭ ካለ ለጋ ነው። ከተለመጠ ተወው፣ እሱ ለበሬህ ነው።»

ቀጭ አደረግሁ።

«ክሩን ሳብ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ... ኧረ እንደሱ አይደለም፣ ገመድ የምትጎትት ነው የምትመስል! ቀስ በል። ቢላ አታስነካው፣ በእጅህ ስበረው።»

ኑጉን በገል ላይ አመስ አድርጌ በሙቀጫ ወቀጥኩ። ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ በነጠላዋ ጫፍ አጠለልኩት። ሽንኩርቱ አስለቀሰኝና እሷ አየችኝ።

«ገና ሳልሞት ታለቅሳለህ?» አለች።

የመጀመሪያው ቀን አሳረርኩት። ሽንኩርቱን ደረቁን አቁላላው፣ ሊይዝ ሲል ጠብታ ውሃ ጣል አድርግበት ብላኝ ነበር፤ ውሃውን ልቀዳ ስዞር ከሰለ። ሽታው ቤቱን ሞላው። እሷ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞሮ አንገላታት እንጂ ከሐምሌ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ድስቱን አጥቤ እንደገና ጀመርኩ። ሽንኩርቱ ሲበስል የኑጉን ውሃ ጨመርኩ፣ ሲፈላ የሰበርኩትን ባቄላ። ክዳኑን ልደፋበት ስል ጮኸችብኝ።

«አትክደነው! ከከደንከው ይጠቁራል። ለምለም ሆኖ ነው መውጣት ያለበት።»

ቆሜ ጠበቅሁት። ልጣጩ ሲለሰልስ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ አንድ ላይ የወቀጥኩትን ጨመርኩበት። ጨው፤ ከዚያ ከእሳት ሳወርደው ጤና አዳም በላዩ። ሽታው ሲደርሳት ዓይኗን ጨፈነች። እንጀራው ጎረቤት የጋገረችልን የገብስ እንጀራ ነበር። ቆርሼ አጎረስኳት። አላመጠች፣ ዋጠች። እስኪመለስ ጠበቅሁ። አልተመለሰም።

«ጨው አነሰው» አለች። «ቢሆንም ጨምርልኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በላች። ጥቂት ናት፣ ግን በላች። ዓይኗ ውስጥ ትንሽ ነፍስ ተመለሰ።

አንድ ጧት ክር እየሳብኩ ሳለሁ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን እሳት ሊጭሩ ገቡ። ሰፌዱን ጉልበቴ ላይ አዩት። ቆም አሉ።

«እሰይ የኔ ሙሽራ! ባልየውስ ወዴት ሄደ?»

«እማማ፣ እባክዎ...»

«የለም የለም፣ ደግ ነው። ቀሚሱን ማን ይስፋልህ ብዬ ነው እንጂ።»

እሷ ከመደቡ ሆና «እማማ፣ ይቅመሱለት» አለች። አሮጊቷ ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። ሳቃቸውን ተዉ።

«ይህን ለሰው አላወራም» አሉ። «የሚያምነኝስ ማን አለና?»

እውነትም አላወሩም። አሮጊቷ ምላሳቸው እሾህ ነው፤ ግን ሰው ነበሩ። እንዲያውም ወንድሟ ይመጣል የተባለበት ቀን ሲቃረብ ዘዴውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። «እኔ ከጉልቻው አጠገብ እቀመጣለሁ። የሠራሁት እኔ ነኝ እላለሁ። አስታማሚ ሴት አላት ብሎ ትቷት ይሄዳል» አሉኝ። ሚስቴም እሺ አለች። እሺ ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፤ ደክሟት መስሎኝ ዝም አልኳት።

ወንድሟ ጎበዞች አስከትሎ መጣ። ቃሬዛ የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ሳይቀር ተሸክመው ነው የመጡት። ሲገቡ እህቱን አይቶ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ከስታለች። ነገር ግን ተቀምጣ ነበር፤ ያን አየ።

እግራቸውን አጠብኳቸው፣ ገበታው ቀረበ። አሮጊቷ እንደ ቤቱ እመቤት ሆነው ወጡን ጨለፉ። ወንድምየው ጎረሰ። እህቱንም አጎረሳት። ስትውጥ አየ፣ ደግሞ አጎረሳት፣ ደግሞ ዋጠች።

«ይህ የእናታችን ወጥ ነው» አለ። «በጋይንት አገር ይህን የሚያውቅ ማነው?»

«እኔ ነኛ» አሉ አሮጊቷ። «እሷ ነገረችኝ፣ እኔ ሠራሁት። ምን ይከብዳል?»

ተነሣ። ጎንበስ ብሎ የአሮጊቷን እጅ ሳመ።

«እጅዎ ይባረክ፣ እናቴ። እግዜር ውለታዎን ይክፈልዎ። እንዲህ ያለ ሰው ካላትማ ትቆይ። እናቴንም እነግራታለሁ፣ እንቅልፍ ታገኛለች።»

ትቆይ አለ። በጆሮዬ ሰማሁት። ጎበዞቹም ሰምተው ቃሬዛ ሳይሸከሙ ሊመለሱ ነውና እፎይ ብለዋል። ነገሩ አልቆ ነበር።

እሷ ግን እጁን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው።

«አያ፣ እሳቸው አይደሉም» አለች። «እሱ ነው። ክሩን የሳበው፣ ኑጉን የወቀጠው፣ ያጎረሰኝም እሱ ነው። እጁ ሲቃጠል አይቻለሁ። ምርቃቱን ሌላ ሰው ሲወስድበት ማየት አልችልም።»

አሮጊቷ ጭልፋውን እንደያዙ ቀሩ።

የመሰላትን አውቃለሁ። ይህን ሲሰማ ወንድሜ ያቅፈዋል፣ ከዚህ በላይ ማን ያስታምማታል ይላል ብላ ነው። ስለ ወንድሟ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳተች።

ወንድምየው እጁን ከገበታው አነሳ። ሲናገር ድምፁ አልጮኸም።

«እህቴን የወንድ እጅ ወጥ አበላኻት?»

«ሌላ ምን ላብላት? የበላችው እሱን ብቻ ነው» አልኩት።

«እኛ ሞተን ነው? ነገ አገሩ ምን ይላል? ወገን አጥታ ባሏ ወጥ እየሠራ አስታመማት፣ እናት እያላት፣ ወንድም እያላት! ይህን ለልጆቼ ላውርስ?»

«አያ፣ በላሁ እኮ» አለች። «ስበላ አየኸኝ እኮ።»

«ተነሱ» አለ ጎበዞቹን። «ቃሬዛውን እሰሩ።»

አሮጊቷ እግሩ ላይ ወደቁ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። በዱላ ልማታ አሰብኩ፤ እህቱ ፊት የወንድሟን ደም አፍስሼ ምን ላተርፍ? የነፍስ አባታችን ተጠርተው መጡና ዳኙን። እሳቸውም ከወንድሟ ጋር ሆኑ። «ልጄ፣ ወጉ ነው» አሉኝ። ወግ ለሚባለው ነገር ያን ጊዜ ያደረብኝ ጥላቻ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ስትወጣ አላለቀሰችም። ቃሬዛውን በአንድ በኩል ተሸክሜ እስከ ስማዳ ዳገት ሸኘኋት። እዚያ ወንድምየው ትከሻዬን ያዘ። «ተመለስ። ከብቱን ማን ይጠብቅልሃል? ሲሻላት መልእክት እልክብሃለሁ» አለኝ። እሷ ከነጠላዋ ሥር እጇን አውጥታ ጣቴን ያዘች። «ነገ ምን ትበላለህ?» አለችኝ። ያለችኝ ይህን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ወሬ አልመጣም። አርብ አርብ ገበያ እወጣለሁ፣ ከእስቴ የመጣ ሰው እፈልጋለሁ። የማውቃቸው ነጋዴዎች «ደህና ናት ይላሉ» እያሉ ዓይናቸውን ወደ አህያቸው ይመልሳሉ። ገብሱን አጨድኩ። ወቃሁ፣ ወደ ጎተራ አስገባሁ። አዝመራው ያለቀ ዕለት ጎህ ሲቀድ ቄሱና የመንደሩ ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት ሰው በብዛት ከመጣ ከመርዶ ሌላ ምን ይባላል?

የሞተችው የጽጌ ጾም ሳይፈታ ነው። እኔ ገብስ ሳጭድ እሷ አፈር ለብሳለች። ሁሉም ያውቁ ነበር። ወንድሟ ነው «አዝመራው ይሰብሰብ፣ እስከዚያ አትንገሩት» ብሎ የላከባቸው። «ለአንተው ብለን ነው» አሉኝ። ለኔ ብለው ሚስቴን ወሰዱ፤ ለኔ ብለው መሞቷን ደበቁኝ።

ለአርባዋ ተዝካር እስቴ ደረስኩ። እናቷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ኋላ ሰው ሲቀንስ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ሠራሁላት፣ ልጄ» አለች። «ያንኑ እሸት። ከወለድኳት ጀምሮ የማውቀውን። አፏን ዘጋች። ‹እሱስ ምን በልቶ ይሆን? ማን ያበላዋል?› ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ብስጭት አልኩና ‹ስለሱ ተይና ስለራስሽ አስቢ› አልኳት። ከዚያ ዝም አለች።»

እሷም እናት ናት። የደረሰባት ከኔ አያንስም።

ከሰዓት በኋላ ቄሶች ወንድምየውን ይዘው ወደኔ መጡ። ከስቷል። ራሱን ተላጭቷል። ጉልበቴን ሊይዝ ጎንበስ አለ።

«ለክብሯ መስሎኝ ነበር» አለ። «ይቅር በለኝ።»

«በል ልጄ» አሉ ቄሱ። «በሙት ፊት ቂም አይያዝም።» መስቀሉን ወደኔ ዘረጉ።

መስቀሉን ሳምኩ። ሰዉ «እሰይ፣ ታረቁ» አለ። ይቅር ብያለሁ የሚል ቃል ግን ከአፌ አልወጣም፤ አልጠየቁኝምም። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ወደ ጋይንት ተመለስኩ። ወንድምየው ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሞት ዘመዶቹ መልእክት ላኩብኝ። ለቅሶውን አልደረስኩም። መርዶው የደረሰኝ ዕለት ማሳ ውስጥ ሳርስ ዋልኩ። ያስቀረኝ ምክንያት አልነበረም፤ በሬዎቹም እኔም ጤና ነበርን።