ከደጃፍ የሚጠይቀው ምድጃ ሠሪ

የሰውን ሐሰት በሰው ፊት የማያጋልጥ፣ ርኅራኄን በልቡ የያዘ ሰው ነበረ።

በዚያ ዓመት የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ጌጃ ሰፈር ቢገባም፣ መንግሥት በየቤቱ የሚያሠራው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እንዳይቋረጥ ታዝዞ ነበር። ስለዚህ ይህ ሰው በጭቃ የተለወሰ ካኪ ካፖርቱን ለብሶ፣ የኀዘን ጢሙን አሳድጎ፣ በየደጃፉ እየቆመ ይጠይቅ ነበር፤ በሽተኛ ያለበት ቤት ይታለፋልና።

«እናቴ፣ ትኩሳት ያለበት ሰው አለ?»

«ተመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን ልጄ» አሉት ወይዘሮ ፀሐይቱ። የማገዶው ጭስ ዓይናቸውን ሊያጠፋው ደርሶ ነበርና ተራቸው እንዲያልፍ አልፈለጉም።

ጫማውን ከደጅ አውልቆ ገባ። ጭቃውን በመዳፉ እያለሰለሰ ምድጃውን ሲያቆም፣ ከመጋረጃው ኋላ ሴት ልጃቸው አቃሰተች።

«እማዬ፣ ማጅራቴን…»

እጁ ቆመ። ወይዘሮ ፀሐይቱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ይህን እንግዳ፣ የሰው ልጅ፣ ለምድጃ ብለው ወደ በሽታ አስገብተውታል።

እርሱ ግን አልሸሸም። እጁን ታጥቦ፣ ፊታቸውን ሳያይ በለሆሳስ ተናገረ።

«እኔም ያጣኋት ልጄ ታማ ሳለች፣ ከጤና ጣቢያ መጥተው ሲጠይቁኝ ‹ደኅና ናት› ብዬ ነበር። ጋቢ ያቀብሉኝ እናቴ፤ ልዘላትና ጤና ጣቢያ ላድርሳት። ምድጃው ነገም ይሠራል።»

እግዚአብሔር ድካሙን ይቁጠርለት፤ በቤቱ የቀሩትንም በጤና ያቆይለት።